የዘነበችን ስም ያላነሳሁበት ጽሑፍ

ዛሬ ጠዋት ናርዶስ ደውላ «እማዬ ሞተች» ስትለኝ «የትኛዋ እማዬ?» አልኳት። ምን እንዳልኩ የገባኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ናርዶስ ያለቻት እናት አንዲት ናት።

የዘነበች ልጅ እዚህ አሜሪካ ነው የተወለደችው። መርዶ በስልክ እንደማይነገር ማንም አልነገራትም።

አሁንም አላመንኩም። ባለፈው እሑድ ዘነበች እዚሁ አቅራቢያችን ካለችው ከአሌክሳንድሪያ የድምፅ መልእክት ልካልኝ ነበር። ስለራሷ አንድ ቃል የለበትም፤ የወንድሜን ጤና ነው የጠየቀችው።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። ዘነበች የምትሠራው በአንድ የንቅለ ተከላ ላቦራቶሪ የቢሊንግ፣ ማለትም የሒሳብ መጠየቂያ፣ ክፍል ነበር። ኩላሊት የሚሰጠውና የሚቀበለው ሰው ደማቸው ተወስዶ፣ የአንዱ አካል የሌላውን ይቀበል እንደሆነ በዘረመል ምርመራ ይታያል። እያንዳንዱ ምርመራ ኮድ አለው። ያንን ኮድ መርጣ ለትክክለኛው ኢንሹራንስ፣ በትክክለኛው ሰው ስም መላክ የእሷ ሥራ ነበር። «ኮዲንግ» ስትል ብዙዎቻችን የኮምፒውተር ባለሙያ ትመስለን ነበር። «ብሆንማ አንተን መች አውቅህ ነበር» ብላኛለች አንድ ቀን።

ለወንድሜ ኩላሊት ልሰጥ የተመረመርኩ ጊዜ የምርመራው ሒሳብ መጠየቂያ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔው ቤት መጣ። ወንድሜ ቢያውቅ «ተወው፣ ይቅርብኝ» እንደሚል ስለማውቅ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ፓርኪንግ ላይ ለዘነበች በሹክሹክታ ነገርኳት።

«ምን ያንሾካሹክሃል? ሰርቀህ ነው?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። የለጋሽ ምርመራ በተቀባዩ ኢንሹራንስ በኩል ነው የሚሄደው። ኮዱ ልክ ነው፤ በስህተት ባንተ ስም ልከውት ነው። አትክፈል፣ አትቅደድ፣ ደውል።»

እነዚህን ሦስት ቃላት ከእሷ ያልሰማ የአገሬ ሰው እዚህ አካባቢ ያለ አይመስለኝም። ድምፅዋን ከፍ የምታደርገው ሆን ብላ ነው። «ሰው አካሉን ሊሰጥ ቆርጦ ይመጣና አንዲት ወረቀት ለመጠየቅ አፍሮ ይቀራል» ትል ነበር።

ደወልኩ፤ ተስተካከለ። ኩላሊቴንም ሰጠሁ። ወንድሜ ዛሬ ሥራውን ይሠራል።

ባለፈው ዓመት ደግሞ የዘነበች የራሷ ኩላሊቶች ደከሙ። እጥበት ጀመረች። ናርዶስ ተመርምራ ከእናቷ ጋር አልተጣጣመችም። ስለዚህ የእናቷን ፎቶ፣ ሙሉ ስሟንና ለምርመራ የሚመዘገቡበትን ቦታ በእንግሊዝኛ ፌስቡክ ላይ አወጣች።

በማግስቱ ዘነበች ደወለችልኝ። «ጽሑፉን ከፌስቡክ አስወርዳት። አንተን ትሰማለች።»

«"ይስማ" የምትዪው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እሱ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው። ኩላሊት በርበሬ አይደለም ከጎረቤት የምበደረው። ደግሞ ያልሰጠኝ ሁሉ እሑድ ሲያየኝ ሊሸሸኝ ነው። እባክህ።»

ናርዶስ ጋ ደወልኩ።

«ኖ፣ አንክል። ዲሊት አላደርገውም። ማሚ የሚያስፈልጋት ኩላሊት ነው፣ ፕራይቨሲ አይደለም።»

ልክ ነበረች። ልክ መሆኗን እያወቅኩ፣ ዕድሜዬን ጋዜጣ ላይ ያሳለፍኩ ሰው መሆኔን ነገርኳት። በአማርኛ፣ ለእኛ ሰው በሚገባ ወግ እኔ እጽፈዋለሁ አልኳት።

«ፕሮሚስ?» አለችኝ።

«ፕሮሚስ።»

አወረደችው።

የጻፍኩት እዚሁ ገጽ ላይ አለ፤ ብዙዎቻችሁ አንብባችሁታል። «አንዲት ተወዳጅ እህታችን በጽኑ ታማለችና በጸሎት አስቧት» ይላል። ስም የለውም። በሽታው አልተጠቀሰም። ምን እንደሚያስፈልጋት፣ የት ሄዶ መመርመር እንደሚቻል አይናገርም። ጀማሪ ዘጋቢ እንዲህ ያለ ዜና ይዞልኝ ቢመጣ እጁ ላይ እመልስለት ነበር። እኔ ግን ከማውጣቴ በፊት ለዘነበች አነበብኩላት፤ «ጨዋ ጽሑፍ ነው» አለች፤ ደስ አለኝ።

ከሥሩ «አሜን» ብቻ ተደረደረ። እናንተን አልወቅስም። ጸልዩ አልኳችሁ፣ ጸለያችሁ። ተመርመሩ ያላችሁ የለም።

ናርዶስ እየደወለች «ሰው ተገኘ?» ስትለኝ «እየጠየቅኩ ነው» እላት ነበር። አልጠየቅኩም። እንደገና በግልጽ ልጻፈው እልና የዘነበች «እባክህ» ትዝ ሲለኝ እተወዋለሁ። ለእሷ ክብር የተጠነቀቅኩ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው የፈራሁት ለራሴ ነው፤ የሰው ገመና አደባባይ አወጣ እንዳልባል።

ትናንት እጥበት ላይ እያለች ልቧ ቆመ።

በስሟ ጽፌው ቢሆን ከእናንተ መካከል የሚጣጣም ይገኝ ነበር ወይ? አላውቅም። እንዳይታወቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ናርዶስ አልተቆጣችኝም። ከመዝጋቷ በፊት ቀስ ብላ «አንክል፣ አሁን ስሟን መጻፍ ትችላለህ» አለችኝ።

ዘነበች፣ አንዱን ኩላሊቴን ለወንድሜ ሰጥቻለሁ፤ ላንቺ የምሰጠው ሌላ አልነበረኝም። የነበረኝ አንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እሱን ነፈግኩሽ። አንቺ ደብቅልኝ ብትዪም ልጅሽን መስማት ነበረብኝ። አንቺ የምታፍሪው ታመሽ ስለነበር ነው፤ እኔ ምክንያት አልነበረኝም።

ደህና ሁኚ፣ እህቴ። ጌታ በእቅፉ ያሳርፍሽ። አሁን ወደ አሌክሳንድሪያ እየወጣሁ ነው። ናርዶስ በሩን ስትከፍትልኝ ምን እንደምላት አላውቅም።