የጋሼ ምስክርነት

ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው፤ ነፍሱን ይማረውና። የክር ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ሽቦ ከመንካቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል፤ ከዚያ እጀታዋ ውስጥ ትንሽ አምፖል ያላትን ካቻቢቴ ያስነካል። አምፖሏ ካልበራች እጁን ያስገባል። ሁለቱን ሳያደርግ ሥራ ሲጀምር ያየው ሰው የለም።

የሥራ ጓደኛውን፣ ነገር ሁሉ ላይ «ማስረጃው የታለ?» ስለሚል፣ ማስረጃ ይሉት ነበር። ቤታችን እየመጣ አብሮን ይበላል፤ ስንጸልይ ግን ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

«ስማ እንጂ፣» ይለዋል ጋሼን፣ «ጸሎቱ ከሠራ ካቻቢቴዋ ለምንህ ነች? እሷ ከሠራች ደግሞ ጸሎቱ?»

«አንተ ከጠገብክ አፍህ አያርፍም፣» ብሎ ጋሼ ይስቅና ያልፈዋል።

አንድ ቀን ግን ይህንኑ ፈታዮቹ ሴቶች ፊት አለው። ሴቶቹ ሳቁ። ጋሼ ደሙ ፈላ። ጸለየና ካቻቢቴዋን ኪሱ ከትቶ እጁን የመብራት መስመር ሳጥኑ ውስጥ ሰደደ። ያጠፋው አንዱን መስመር ብቻ ነበር፤ ለካ በሳጥኑ ውስጥ ሌላም ያልፋል። ሽቦው ይዞ አንዘፈዘፈው። ማስረጃ ኮቱን አውልቆ ወገቡ ላይ ጠመጠመበትና መንጭቆ ጣለው፤ ራሱም ማሽን ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ።

ጋሼ ገና ከአልጋ ሳይነሳ ሰባኪያችን መጡ። «ልጄ፣ ይህ ተአምር ነው፤ ጉባኤ ፊት ቆመህ ትመሰክራለህ፣» አሉት። ጋሼ ወደ ግድግዳው ዞሮ «እሺ» አለ። እኔማ ደስ ብሎኝ ሸሚዙን ተኮስኩለት።

«የማይታይ እጅ ጎትቶ አወጣኝ፣» ብሎ መሰከረ፣ ሰባኪው እንዳሉት። ሰዉ አጨበጨበ። ጋሼ ቀና ሲል ማስረጃ ክንዱን በጀሶ ታስሮ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ለካ እናታችን ልታመሰግነው ጠርታው ኖሯል። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ አንገቱን የደፋው ማስረጃ ነበር፣ ያፈረው እሱ ይመስል። የጋሼ ፊት እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ቤት ገብቶ እህል አልቀምስ አለ።

«ምን ሆንክብኝ?» አለችው እናታችን።

«እማ፣ እጄን የሰደድኩት በእምነት አይደለም፤ በእልህ ነው። ማስተዋሉን የሰጠኝን እግዚአብሔርን ልፈትን ሄድኩ። ያተረፈኝን ሰው ደግሞ ፊቱ ካድኩት።»

በሚቀጥለው ጉባኤ ተነስቶ የሆነውን ሁሉ እንዳለ ተናገረ። ሰባኪው «አሜን፣ እግዚአብሔር በማያምንም ይሠራል፣» አሉና ሰዉ እንደገና አጨበጨበ። ያን ጊዜ ጋሼ የባሰ አፈረ፤ በደሉን የሰማለት የለማ።

ከዚያ እኔን አስከትሎ ማስረጃ ቤት ሄደ። ደጃፉ ላይ ተገትሮ ቀረ።

«ግባ እንጂ፣» አለው ማስረጃ፣ «ወይስ እዚህም ቆመህ ልትመሰክር ነው?»

በአንድ እጁ ሸሚዙን መቆለፍ አቅቶት ደረቱ ክፍት ነበር። ጋሼ ጠጋ ብሎ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈለት። ቀና ብሎ ግን አላየውም።