የእናቴን ገንቦ አልሰብርም

እናቴ ነቀምቴ መናኸሪያ ጀርባ አረቄ እያወጣች ነው ያሳደገችኝ። ይህን ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ የምናገረው አማቴ እንዲነሳ ስለማይወዱ ነው። አማቴ፣ የባሌ እናት፣ የጸሎት ቤት ሰው ናቸው፤ መጠጥ የነካው ነገር ደጃፋቸውን አያልፍም።

እናቴ ስትሞት የተረፈኝ ዕቃዋ ብቻ ነው፤ አንገቱ የጠቆረ ትልቅ ገንቦ፣ እንፋሎቱ የሚያልፍበት ሸምበቆ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ እንፋሎቱን የሚቀበል የመዳብ ዕቃ። እኔ አረቄ አላወጣም። ገንቦውን በግራዋ ቅጠል ደጋግሜ አሽቼ፣ በወይራ አጥኜ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፈላበት ጀመር። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ውኃ ሲሆን ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። እሱን በማንኪያ ገፍፌ በጠርሙስ አደርገዋለሁ። ለጉንፋንም ለቁርጥማትም የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው።

አማቴ ግን ሽታው ሳይሆን ገንቦው ነው ያስጨነቃቸው። «ሰብረሽ ጣይውና ብረት ድስት ግዢ። በአረቄ ዕቃ የወጣውን ማን ገላውን ይቀባል?» አሉ። ባሌም «እስቲ ለሰላም ስትይ» ብሎ አገዛቸው። ለማን ሰላም? እኔን ያበላኝ፣ ደብተር የገዛልኝ ያ ገንቦ ነው! «እሱ ከተሰበረ እኔም ከዚህ ቤት እወጣለሁ» አልኩት፤ የምሬን ነበር። በማግስቱ ምድጃዬን ከጓሮ አንስቼ ግቢው በር አጠገብ ተከልኩት። መንገደኛ ሁሉ ይየው ብዬ ነው።

አማቴ እግራቸውን ከቤታችን አነሱ። ክረምቱ ሲገባ ግን ጉልበታቸው አላስቀምጥ አላቸውና አንድ ጠዋት በከዘራ እየተደገፉ መጡ።

«አከም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። በኦሮምኛ «እንዴት አደርሽ፣ ልጄ» ማለታቸው ነው፤ ልጄ ካሉኝ ቆይተው ነበር። «ከዚያ ዘይት ትንሽ ስጪኝ።»

ጓዳ ውስጥ ሙሉ ጠርሙስ ነበረኝ። «አልቋል፣ እማማ። እስኪወጣ እዚህ ይቀመጡ» ብዬ ዋሸሁ። ከገንቦው ፊት ለፊት ላስቀምጣቸው ፈልጌ ነው።

ትንሽ እንደቆየን ሸምበቆው ከገንቦው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ የደፈንኩበት ሊጥ ተሰነጠቀና እንፋሎቱ ፉጨት አሰማ። ዱቄት ላመጣ ወደ ቤት ሮጥኩ። ስመለስ አማቴ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ጭቃ በአመድ ለውሰው፣ በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን እየጠቀጠቁ አገኘኋቸው። ፉጨቱ ቆመ።

«ሊጥ ብቻውን እሳት አይችልም» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ዱቄቱን እንደያዝኩ ጠየቅኳቸው። «ማን አስተማረዎት?»

ወደ በሩ ተመለከቱ። «አባታቸው ሲሞት ልጆቼን በምን ያሳደግኩ መሰለሽ? ጌታን ከመቀበሌ በፊት ነው። ለማንም እንዳትነግሪ።»

ተናደድኩ፤ እንባዬም መጣ። «ታዲያ የእኔን እናት ዕቃ ለምን ስበሪ አሉኝ?»

ጣታቸውን የመዳቡ ዕቃ የተቀመጠበት ውኃ ውስጥ ነክረው «ሞቋል፤ ቀይሪው» አሉ።

በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። ከጠዋት ጸሎት የሚመለሱት ጓደኞቻቸው በመንገዱ እየመጡ ነበር።

«እርስዎ ይቀይሩት» አልኳቸው።

ሴቶቹን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ምድጃው አጠገብ የነበረውን የውኃ ጆግ አንስተው ውኃውን ቀየሩት።