በአፍ የተነዳ መንገድ

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ያስታወሰችኝ ልጄ ናት። ትናንት ከሰዓት ሙቀቱ ከበር አላስወጣ ብሎን ምንጣፍ ላይ ተጋድመን ሳለ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። አንድ ሰውዬ ጭንቅላቱ ተከፍቶ፣ ሐኪሞች ከኋላው ቆመው እየሠሩ፣ እሱ ጊታር ይጫወታል።

«እማ፣ ውሸት ነው አይደል? ኮምፒውተር ነው የሠራው።»

«እውነት ነው» አልኳት። «የእኛው ሰውዬ ጊታር አልነበረውም እንጂ።»

«የእኛው የቱ?»

ለእሷ ስነግራት መሸ። ካነሳሁት አይቀር ለእናንተም ልንገራችሁ።

አጎቴ ሲራጅ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ልጅ ሳለሁ ከድሬዳዋ በባቡር ጅቡቲ አምጥተው ካርቲየ 3 የሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው ያሳደጉኝ እሱና ሚስቱ ዘይነባ ናቸው። ሥራው ተሳቢ መንዳት ነበር፤ ከወደቡ ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል። ከመንገድ ሲመለስ ከእሱ በፊት ድምፁ ነው ቤት የሚገባው። ከጎረቤት ሱማሌዎች ጋር በሱማሊኛ፣ ከሱቁ ዐረብ ጋር በዐረብኛ፣ ከእኛ ጋር ባማርኛ እየተቀላለደ ጠባቡን መንገድ ይሞላዋል። እኛ የድሬ ልጆች አንቱታ አይሆንልንም፤ እኔም አጎቴን «አንተ» እያልኩ ነው ያደግኩት።

በሽታው የጀመረው በዚያው በአፉ ነው። እራት ላይ፣ የየመኖቹን የተጠበሰ ዓሣ በትኩስ ቂጣ እየጠቀለለ አንድ የወደብ ዘበኛ ሲያማ፣ የአፉ ቀኝ ጠርዝ ወደ ጎን ተጎተተ። ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ። ዓይኑ እኛን እያየ ቃል ጠፋው። ለእኛ ዓመት የመሰለን ጊዜ አልፎ ሲመለስለት ግን «ምን ታፈጣላችሁ? ዓሣው ቀዘቀዘ እኮ» አለ።

ዘይነባ ጂን ነው ብላ ሼህ አስመጥታ ቁርኣን አስቀራችበት። ሁለተኛው ግን የመጣው ወደቡ በር ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ከፊቱ የጫኝና አውራጅ መዓት ቆሞ ሳለ ነበር። ጓደኞቹ ቁልፉን ነቅለው በቀጥታ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ጭንቅላቱ ፎቶ ተነሣ። በግራ በኩል የእንቁላል ያህል ጥላ ታየ። ዕጢ።

በዚያ ሰሞን ከውጭ ለጥቂት ጊዜ የመጡ የአንጎልና የአከርካሪ ቀዶ ሐኪሞች ነበሩ። መሪያቸው ቀጭን፣ ሳቅ የማትወድ ሴት ናት። የምትናገረው በፈረንሳይኛ ስለሆነ አስተርጓሚ እኔ ሆንኩ። የእኔ ፈረንሳይኛ የሀራሙስ ነው፤ በዚያ የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ልጆች ስጠብቅ፣ እነሱ የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ በትከሻቸው ላይ አንገቴን አስግጌ የለቀምኩት። የዶክተሯን ነገር ለመረዳት ግን ሁለት ጊዜ አስደግሜያታለሁ።

«ዕጢው ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ነው» አለች። «ግን ንግግር ከሚመነጭበት ቦታ ጋር ተጣብቋል። ቦታው ደግሞ እንደ ሰው መልክ ነው፣ ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ ከፍተን እናነቃዋለን። እሱ ያወራል፣ እኛ በትንሽ ኤሌክትሪክ እየነካካን እንፈልጋለን። ንግግሩ የተቋረጠበትን ቦታ አንቆርጥም። አትፍሩ፣ አንጎል ራሱ ሕመም አያውቅም።»

«ባለቤቱ ግን ያውቃል በላት» አለ አጎቴ።

ብዙ ቋንቋ የሚናገር ሰው ቋንቋዎቹ አንጎሉ ውስጥ የት የት እንደሚያድሩ ታጠና ነበርና በአጎቴ ደስ ብሏታል። የያዘቻቸውን ሥዕሎች እያነሣች ስማቸውን እንዲናገር አሳየችው። ዛፍ፣ ወንበር አለና በረዶ ተድቦልቡሎ የተሠራ ሰውዬ ላይ ቆመ።

«አቦ! ይሄ ወፍራም ማነው? ደሞ ካሮቱን አፍንጫው ላይ ማን ሰካበት?»

ስተረጉምላት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሥዕሎቹን ሰብስባ አስቀመጠችና ጠየቀችኝ፤ «ስለ ምን ሲያወራ ነው የማይቆመው?»

«ስለ መንገድ።»

«እንግዲያው በመንገዱ ይውሰድሽ። አንቺም መንገዱን ማወቅ አለብሽ፤ የዘለለውን እንድትይዢ።»

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከሰዓት ከሰዓቱን በዚህ አሳለፍን። ውጭ የበጋው ነፋስ ካምሲን አቧራ እየዘራ መስኮቱን ይደበድባል፤ እኔ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እማራለሁ።

«የባቡር ልጅ!» ይለኛል። «ዓለምን በመስኮት ያየሽ! በይ ከከተማው መውጫ፣ ከፒኬ ዱዝ ተነሺ።»

«ፒኬ ዱዝ፣ ከዚያ ወአ፣ ከዚያ ግራንድ ባራ፣ ዲኪል፣ ዮቦኪ፣ ጋላፊ።»

«እንደ ቁርኣን ቤት ልጅ አትደርድሪልኝ! ዲኪል ላይ ምን እንበላለን?»

«የፍየል ሥጋ።»

«በምን?»

«በከሰል። ከላዩ ሻይ በሄል።»

«ዮቦኪ ላይስ?»

«ወርደህ ጎማ ታያለህ።»

«ሁሉንም ጎማ። በእግሬ መታ መታ እያደረግኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ድንጋይ ወዳጅ የለውም።»

ከመግባታችን በፊት በነበረው ቀን ሣቁን አቆመ። «ፈቲ፣ ይህን አስተካክለሽ ንገሪያት። ያለ አፉ ሲራጅ የለም። ንግግሬ ጋ ከደረሱ ይቁሙ፤ የተረፈው ይቅር።» ነገርኳት። ጻፈችው።

ግን በማግስቱ በሩ ላይ ዘይነባ ክንዴን ያዘችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«ስሚኝ። ከጠየቁሽ ሁሉንም አውጡት በያቸው። ዲዳም ይሁን፣ ብቻ ይኑርልኝ። ለሁለታችንም እኔ አወራለሁ።»

ክንዴን አስለቅቀው አስገቡኝ።

ጅቡቲ ውስጥ በበጋ በረደኝ ብዬ የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው። አረንጓዴ ልብስ አለበሱኝ፣ ከሰማያዊ ጨርቅ ድንኳን ሥር ዝቅ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። የሚታየኝ የአጎቴ ፊትና ከጨርቁ የወጣ ቀኝ እጁ ብቻ ነው። ከጨርቁ ወዲያ ያለውን አላይም፤ የሚመጥ መሣሪያ ድምፅና የመድኃኒት ሽታ ይመጣል። ከማደንዘዣው ቀሰቀሱት። ዓይኑን ገለጠ።

«አጎቴ፣ ሞተር አስነሣ።»

«ከጎኔ ማነው?» አለ፣ ከንፈሩ ደርቆ።

«ፈቲ ነኝ።»

«ቀበቶሽን እሰሪ።»

ወጣን። ወአን አለፍን። «ግራንድ ባራ ገባን» አለኝ፤ «ነጭ ሜዳ ነው፣ እንደ ጠረጴዛ። ዝናብ ሲመጣ ውሃ ይተኛበታል። ደረቅ ሲሆን ደሞ እንቅልፍ ያመጣል፣ እዚህ ነው ሾፌር ሚስቱን የሚያማው፣ እንዳያንቀላ—»

«አሁን» ብላ ነካ አድርጋዋለች ዶክተሯ ከላይ። ቃሉ መሐል ላይ ተቆርጦ አፉ ክፍት ቀረ። እጁ ግን ተንቀሳቀሰ፤ አየር ጨብጦ ወደ ኋላ ሳበ፣ ወደ ጎን ገፋ። ማርሽ እየቀየረ ነው! መንዳቱን አላቆመም፣ ድምፁ ብቻ ነው የወረደው።

«ቆመ!» አልኩ።

«እንዳያንቀላፋ» አለ፣ ዶክተሯ የምትነካበትን ስታነሣ።

በየቦታው ሞከሩ፤ ድምፁ የተቋረጠበት ላይ ትንንሽ ምልክት አኖሩ። ከዚያ መቁረጥ ጀመሩ። ዲኪል ደረስን፣ ሥጋውን በላን፣ ፍየሉ ያረጀ ነው ብሎ ባለቤቱን ሰደበ። ነርሷ ምን አለ ስትል ተረጎምኩላት። ከዲኪል ወጣን። የግመል ወተት በጀሪካን የሚሸጡትን ሴቶች አልፈን ቁልቁለቱን ጀመርን።

ዝም አለ።

«አሁን» ያለ የለም። እጁን አየሁት፤ ማርሹ ላይ የለም። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ የአፉ ጠርዝ ወደ ጎን እየሄደ ነው። እንደዚያ እራት ቀን።

«ነክታችሁታል?» ብዬ ጮኽኩ። «ቆሟል! እጁም ቆሟል!»

«ቀዝቃዛ ውሃ!» አለች ዶክተሯ። መንዘፍዘፉን እንዲያበርድ አንጎሉ ላይ ሲያፈሱ ሰማሁ፤ የጣሳ ውሃ መሬት ላይ እንደሚደፋ ያለ ድምፅ። እኔ ብቻ፣ በዚያ ብርድ ጀርባዬ በላብ ርሶ፣ «አጎቴ፣ የት ደረስን? አጎቴ፣ የት ደረስን?» እላለሁ። ዓይኑ እኔ ላይ ነው፣ ውስጡ ግን ሰው ያለበት አይመስልም።

እጁ ቀደመ። ጣቶቹ ተረጋጉ፣ አየሩን ጨበጡ።

«ዮ…» አለ። ምላሱ ከበደው። «ዮቦኪ።»

አለቀስኩ። ዶክተሯ ጨርቁን ከፍ አድርጋ ፊቷን ወደ እኔ አወረደች። ላቧ ጭምብሏን አርሶታል።

«ትንሽ ቀርቷል» አለች። «ከገባሁበት ንግግሩ ሊሄድ ይችላል። ከተውኩት አንድ ቀን ያድጋል። ቀድሞ ነግሮኛል፤ አሁን ግን ራሱ ነቅቶ አለ፣ ጠይቂው።»

የዘይነባ ጣቶች ክንዴ ላይ እንዳሉ ነበሩ። ለሁለታችንም እኔ አወራለሁ ብላኛለች፤ እንደምታወራም አውቃለሁ። ጥያቄውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አማርኛ አድርጌ ለአጎቴ አቀበልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ።

«ዮቦኪ ላይ ምን እንደማደርግ አስተምሬሽ የለም?»

«ወርደህ ጎማ ታያለህ።»

«በቃ፣ እዚህ እወርዳለሁ በያት።»

ነገርኳት። መሣሪያ ሲቀመጥ ሰማሁ።

ዘይነባ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። እሱ ያለውን ነገርኳት። ብትመታኝ አይገርመኝም ነበር። «ያወራል?» ብቻ አለች። «ያወራል» ስላት ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ከቀናት በኋላ ግን የሐኪም ቤቱን ሾርባ «ይሄ የታጠበ ድስት ነው ወይስ ምግብ?» ብሎ ነርሶቹን ሲነዘንዝ ወደ እኔ ዞራ፣ «ምነው ሁሉንም ባወጡት ኖሮ!» አለችኝ። ሦስታችንም ሳቅን፤ እሱ ራሱን ይዞ።

ልጄ እዚህ ስደርስ ስልኳን ትታው ነበር። «የቀረውስ አደገ?» አለችኝ። አደገ። ዶክተሯ እንዳለችው ነው የሆነው። ግን ቀስ ብሎ ነው ያደገው፤ እስከዚያ ድረስ ልጄን በመንገድ ወሬ አስተኝቷት ያውቃል፣ ሕፃን ስለነበረች አታስታውሰውም። ዘይነባም እሱም ያሉት ከፍቅር ነው፣ ማንኛቸው ልክ ነበሩ ብዬ ዛሬም አልፈርድም። ዶክተሯ ከእሱ ያየችውን ጽፋለች፤ ይህ ጊታር የያዘ ሰውዬ ሳያውቅ ከእነ አጎቴ ራስ የተገኘ ነገር ደርሶት ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ያኔ ዶክተሯ ከቀዶው ወዲያ መኪና እንዳይነዳ ከልክላው ሄደች። ጠባሳው ላይ ፀጉር ሲያበቅል ኮፍያውን ደፍቶ፣ «የባቡር ልጅ፣ በአፍ ያየሽውን በዓይንሽ እይ» አለኝና በጓደኛው ተሳቢ ይዞኝ ወጣ። ዮቦኪ ስንደርስ አስቆመው። ወረደ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ መታ መታ እያደረገ መኪናውን ዞረ። ሲጨርስ በሾፌሩ በኩል ሄዶ እጀታውን ያዘ። ጓደኛው ከላይ ሆኖ አየው። አጎቴ እጀታውን ለቀቀ፣ በፊት በኩል ዞሮ መጣና ከእኔ ጎን ገባ።