አተላ የቀረባቸው የገዘር ዶሮዎች

ጂንካ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው። የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ስመደብ ልቤ ያለው ከከብቱ ላይ ነበር። ኃላፊያችን አቶ ታፈሰ ግን የምደባ ደብዳቤዬን አየት አደረገና፣ "አንቺ ዶሮ ላይ ነሽ" አለኝ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰው በከብቱ በሚከበርበት አገር የዶሮ ባለሙያ! አንዱ የሥራ ባልደረባዬ፣ "እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል አይደል? አንቺም ቀስ ብለሽ ትደርሻለሽ" ብሎ አሾፈብኝ። የዚያኑ ዕለት "የዶሮ ዶክተር" የሚል ስም ወጣልኝ። በንዴት ምሳዬን እንኳ አልበላሁም።

የተረከብኩት ዕቃ የክትባት ብልቃጥ፣ የበረዶ ሣጥን፣ የጠብታ መስጫና ከእግሬ የሰፋ ቡትስ ጫማ ነበር። ፈንግል የሚሉት በሽታ የአንድ መንደር ዶሮ ሙልጭ አድርጎ ሲጨርስና ሴቶቹ ሲያለቅሱ ካየሁ በኋላ ግን ንዴቴ ወጣልኝ። ከብቱ የባል ነው፤ እንቁላሉ የሚስት ነው። የከብት ሐኪም ደጅ ላይ ሲቀር እኔ ጓዳ ድረስ እገባለሁ።

ከሁሉ የበዛው ጥያቄ "ዶሮዎቼ ለምን እንቁላል አቆሙ?" የሚለው ነው። ዶሮዋን ብብቴ ሥር ሸጎጥ አደርግና ከጅራቷ ሥር ያሉትን ሁለት አጥንቶች በጣቴ እለካለሁ። መሃላቸው ሁለት ጣት ካስገባ እየጣለች ነው፤ ከጠበበ አቁማለች። ቀጥሎ ቅማል እፈልጋለሁ፣ ላባ እየለወጠች እንደሆነ አያለሁ፣ መታቀፍ አምሯት እንደሆነም እጠይቃለሁ። አንዳንዷ ደግሞ ጨርሶ አላቆመችም፤ እንሰት ሥር ደብቃ ትጥላለች። ስንቷን አታላይ እጅ ከፍንጅ ይዣታለሁ!

የወይዘሮ አስናቀች ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። አስናቀች ከጂንካ ወጣ ብላ ያለችው የገዘር ከተማ ሴት ናት። ዕድሜዋን አረቄ ስታወጣ ኖራ፣ ጌታን ስትቀበል እርግፍ አድርጋ ተወችው። ከዚያ ወዲያ ኑሮዋ ጂንካ ላሉ ምግብ ቤቶች በምታስረክበው እንቁላል ላይ ወደቀ። ብዙም ሳይቆይ ዶሮዎቹ ተራ በተራ ቀጥ አሉ። ጎረቤትም "ከአረቄው ጋር በረከቱም አብሮ ወጣ" እያለ ማውራት ጀመረ።

ሚኒባስ ይዤ ስደርስ ባሏ አቶ ዘለቀ ደጃፍ ላይ ጠበቀኝ።

"ዶክተር፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም" አለኝ። "ልጆቹ ግን ጸሎት አይበሉም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልጣሉ ዶሮዎቹ ይታረዳሉ፤ የአረቄው ጋንም ወደ ሥራው ይመለሳል።"

አስናቀች እጄን ይዛ ጓዳ አስገባችኝ። "እህቴ፣ በጉባኤ ፊት ቃል ገብቻለሁ። ተመልሼ አረቄ ባወጣ ሰውን በምን ዓይኔ አያለሁ? ንገሪኝ እስቲ፣ እውነት እርግማን ይሆን?" ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"የምን እርግማን! ዶሮ ሃይማኖት የላትም" አልኳት። አፌን ሞልቼ ተናገርኩ እንጂ እኔም ገና ምንም አላወቅሁም ነበር።

ዶሮዎቹን ጭልፊት ፈርታ ጓሮ አጥራባቸዋለች። አጥንታቸውን ለካሁ፤ ጠቧል። ቅማል የለም። ላባቸው ደህና ነው። በአጥሩ ውስጥ ያለውን እንሰት ሥር ለሥር ፈተሽኩ፤ አንድም እንቁላል የለም። በቆሎው እንደ ልብ ተበትኖላቸዋል። ግራ ገባኝ። በመጨረሻ ኩሳቸውን በእንጨት ገልበጥ ሳደርገው ደርቆ እንደ ጠጠር ሆኗል።

"ውሃ የሚጠጡት በምንድን ነው?" አልኳት።

"ውሃ? ለዶሮም ውሃ ይቀርባል እንዴ?"

"ድሮስ ምን ይጠጡ ነበር?"

"ድሮማ አተላ ነበር! ገንዳ ሙሉ አተላ፣ እየተጋፉ..." ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አተላው ለዶሮዎቹ ውሃም ምግብም ነበር። ብቅሉና እርሾው ነው እንቁላል የሚሆነው፤ በቆሎ ብቻውን ያሰባል እንጂ እንቁላል አይሆንም። ክረምት ቢሆን የዝናቡ ውሃና ትሉ ይደጉማቸው ነበር፤ ጊዜው ግን በጋ ነው፤ ነፍሳቸውን ያቆየው ጓሮ የሚደፋው ጥቂት እጣቢ ብቻ ነው። አስናቀች አረቄውን ስትተው ዶሮዎቿን ከማዕድ ማስነሳቷን ማን ይንገራት?

"ውሃ በሰፊ ሸክላ ጥላ ሥር አስቀምጪ፤ ጠዋት ማታ ለውጪው" አልኳት። "ባቄላ ቆልተሽ ክኪና ከበቆሎው ጋር ደባልቂ። ጎመን ጣይላቸው። ከአጥሩም ልቀቂያቸውና ፍጉን ይጫሩት፤ ጭልፊቱን አንቺ ጠብቂ።"

አቶ ዘለቀ ከት ብሎ ሳቀ። "ከጂንካ ድረስ ውሃ አጠጡ ልትይን ነው የመጣሽው?"

"አዎ፣ ለዚሁ ነው የመጣሁት!" አልኩት፤ ደሜ ፈልቶ።

ዶሮ አንዴ ካቆመች ሰውነቷ እስኪመለስ ሳምንታት ይፈጃል። የአቶ ዘለቀ ወር ደግሞ አይጠብቅም። የወሩ ማለቂያ ሲደርስ ቢሮ መቀመጥ አቃተኝና ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ስደርስ እስከዚያ ቀን አንድም እንቁላል አልታየምና አቶ ዘለቀ እጅጌውን ሰብስቦ ጓሮ ቆሟል። አረቄው ከቆመ ወዲህ ጋኑ እዚያው አጥሩ ጥግ በጎኑ ተጋድሞ ጭድ ሞልቶበታል። አስናቀች ልታየው ስለማትፈልግ አጠገቡ ደርሳ አታውቅም። አሁንም በር ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች።

"ዶክተር፣ ደክመሻል፣ እግዜር ይስጥሽ። ይብቃን" አለና ጭዱን ሊያወጣ እጁን ወደ ጋኑ ሰደደ።

ከውስጥ ጩኸት ተነሣ! ቀይዋ ዶሮ ክንፏን እያራገበች ፊቱን ገጭታው ወጣች። ሰውዬው ወደ ኋላው ተንገዳገደና ትንሽ ቆይቶ እጁን መልሶ ሰደደ። ሲያወጣው ትኩስ እንቁላል ይዟል። ደግሞ ሰደደ፤ ሌላ እንቁላል። ደግሞ ሌላ።

አስናቀች እልልታዋን አቀለጠችው። "የታለ በረከቱ ወጣ ያለው? ይምጣና ይይ!" ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። እኔማ በዚያ በሰፊ ቡትሴ ዘለልኩ፣ ምን ያሳፍረኛል!

አቶ ዘለቀ እንቁላሎቹን ለሚስቱ አቀበላት። እሷም እንባዋን እየጠረገች፣ "ጋኑስ?" አለችው።

"ተይው" አላት። "ባለቤት አግኝቷል።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ቢሮ ውስጥ "የዶሮ ዶክተር!" ሲሉኝ ከፍ ባለ ድምፅ "አቤት!" እላለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ ወጣት ባለሙያዎች ግን አሁንም እየመጡ ይጠይቁኛል። የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ዶሮ እንቁላል ስታቆም ዶሮዋን ከመያዛችሁ በፊት ከቤቱ ምን እንደቀረ ጠይቁ።