ከቤታችን በታች ላሉት ባልቴት ያልነገርኩት የዶሮ በሽታ

የአባቴን እህት፣ አዳዳ የምላትን፣ ከቀበርን ወር ሞላን። ነቀምቴ ውስጥ ዶሮዎቹ የታመሙበት ሰው ይደብቃል፤ አንዳንዱም ሳይሞቱበት ገበያ ያወጣቸዋል። አዳዳ ግን አንዲት ዶሮ ክንፏን ጥላ ካየች በየደጁ እየዞረች፣ «እኛ ቤት በሽታ ገብቷል፤ ዶሮዎቻችሁን ዝጉ» ትል ነበር።

ጠቅላይ ግዛቱ አስተማሪ አድርጎ መድቦኝ እሷ ዘንድ ስኖር፣ ፈንግል ይሁን ሌላ ያላወቅነው በሽታ ገባብን። እግሯን አሟት ነበርና ከቤታችን በታች ለሚኖሩት ባልቴት እንድነግር ላከችኝ። ልጃቸውን የማስተምር ሰው ሆኜ በዶሮ ነገር ደጃቸው መቆም አሳፈረኝ። ከመንገድ ተመልሼ፣ «ነግሬያቸዋለሁ» አልኳት።

በሳምንቱ የባልቴቷ ዶሮዎች አንድም ሳይቀር አለቁ። በሽታው ሲያልፍ አዳዳ የተረፈቻትን አንዲት ቄብ አቅፋ፣ በከዘራዋ እየተደገፈች ወደ እሳቸው ወረደች። ስትመለስ ምንም አልጠየቀችኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ልካኝ አታውቅም፤ እያነከሰችም ቢሆን ራሷ ትሄድ ነበር።

ለቅሶው ላይ ባልቴቷ አጠገቤ ተቀመጡ። «ያኔ ቄቧን ይዛልኝ መጥታ፣ ‹መንገር ረስቼ ነው፣ ይቅር በይኝ› አለችኝ» አሉኝ። «እሷ ደግሞ ነገር የምትረሳ ሰው አልነበረችም።»

ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ነበርና አሁንም አፈርኩ፤ ቡና ላቀብል ብዬ ተነሣሁ። ከዘራዋ ከዶሮ ቤቱ በር እንደተደገፈ ነው። ባልቴቷ ያሉት እዚሁ ታች፣ ከአጥራችን ማዶ ነው። እውነቱን ልነግራቸው እስከ ዛሬ አልሄድኩም።