ሣሩን ያልተሻገረው ዘበኛ

ኤርጫፎ በጫሞ ሐይቅ ዓሣ ማጥመዱን ትቶ የትምህርት ቤት ዘበኛ ከሆነ ወዲህ አንድ ኩራት ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ደወሉ። ከዋንዛው ቅርንጫፍ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት ሲመታው፣ ድምፁ የኩልፎን ወንዝ ተሻግሮ ሙዝ የሚቆርጡትን ሠራተኞች ቀና ያደርጋቸዋል። ዎክማን የሚሉት የኪስ ቴፕ ሲመጣ ግን ልጆቹ ጆሯቸውን ወትፈው፣ ደወሉን ከምንም ሳይቆጥሩ ማለፍ ጀመሩ። ጠላው፤ አምርሮ ጠላው። ዳይሬክተሩ «ዎክማን በግቢ ክልክል ነው፤ የተያዘ ዓመቱ ሳይዘጋ አይመለስም» ያሉ ቀን እንደ እሱ ደስ ያለው አልነበረም።

ዓርብ ጧት በሩ ላይ ሲፈትሽ የተማሪዋን የአበቡን ዎክማን ከቦርሳዋ መዥርጦ አወጣው።

«ጋሼ ኤርጫፎ፣ ካሴቱን ብቻ ይስጡኝ! የመዘምራኑ ነው፤ ሌላ የለንም። እሁድ መሪዋ እኔ ነኝ፣ ገና ግማሹንም አልያዝኩት።»

«ሰኔ ላይ ትዘምሪዋለሽ።»

ከኋላዋ የተሰለፉት እያጨበጨቡ ወጉት፦

«ዓሣ አልያዝ ቢለው የጫሞ ላይ መረብ፣
ዘፈን ሊያጠምድ መጣ ከበራችን አጠገብ።»

አበቡ አልሳቀችም። በእረፍት ሰዓት ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጭታ መጣች። በጋሞ አባቶች ወግ ሣር ይዞ የለመነን እምቢ ማለት ነውር ነው፤ የተነጠፈውን መሻገር ደግሞ እርግማን። ኤርጫፎ ከሩቅ አያትና ያላዩት ሣር አይዝም ብሎ፣ ዘበኛ ቤቱ ገብቶ ጀርባውን ሰጠ። ዘወር ሲል ሣሩ ደጃፉ ላይ ተነጥፏል፤ እሷ ከወዲያ ተንበርክካለች።

«ሣር የሽማግሌ ነው እንጂ የልጃገረድ አይደለም! አንሺው!»

«ካልሆነ ይሻገሩታ!»

እግሩን አነሣ። አየር ላይ ትንሽ ቆየ፤ መለሰው።

የመግቢያ ሰዓት አለፈ። ልጆቹ ሜዳውን ሞልተው ይሳሳቃሉ።

«ኤርጫፎ! ደወሉ ምን ሆነ?» ዳይሬክተሩ ከቢሮ ጮኹ።

ያ ቸርኬ፣ ያ የልቡ ዘፋኝ፣ ከዋንዛው ላይ ዱዳ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ኤርጫፎ ጥርሱን ነከሰ። ካሴቱን ከዎክማኑ መንጭቆ በመስኮት ወረወረላት።

«ማሽኑ ግን ታስሯል!»

አበቡ ሣሩን አነሣች፤ አላመሰገነችም። እሱም ሮጦ ቸርኬውን ሊሰብረው እስኪደርስ ደበደበው።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ አበቡ በጎረቤት ቴፕ ያጠናችውን መዝሙር ስትመራ ምእመኑ በእልልታ ተነሣ። ኤርጫፎ ብቻ ከፊት ወንበር ላይ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ፤ አሜን እንኳ አላለም።

ሰኞ ጧት በሩ ላይ የመጀመሪያው የተፈተሸ ቦርሳ የእሷ ነበር።