የጋሽ በላይ ቀኝ ዓይን

ታከር ከተማ ባለው የአደን መሣሪያ መደብር ሥራ በጀመርኩበት ቀን መጀመሪያ የተማርኩት ባዶ ጠመንጃ መፍራትን ነው። አለቃዬ ዴቭ መቀርቀሪያውን ስቦ ከፈተና «ዓይንህን አትመን፤ በጣትህ ዳስስ» አለኝ። ጥይት የሚቀመጥበትን ቀዳዳ ዳሰስኩት። ዛሬም ሳልዳስስ ለማንም አልሰጥም።

ጠመንጃ ላይ ስኮፕ የሚባለውን የማነጣጠሪያ መነጽር ማሰር ግን ያስተማረኝ የለም። ያረጁትን እየፈታሁና እየገጠምኩ፣ ብሎኑ ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት በመለኪያ መፍቻ እያረጋገጥኩ ለመድኩት።

ጋሽ በላይ ኮሌጅ ፓርክ በሚባለው ከተማ ውስጥ የሆቴል ቫን ይነዳሉ። ግራ ዓይናቸው ደካማ ነው፤ መንጃ ፈቃዳቸውን ያቆየላቸው ቀኙ ነው። የሥራ ጓደኞቻቸው ኮሎራዶ ውስጥ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን ጋብዘዋቸው ጠመንጃ ሊገዙ ወደኛ መጡ።

«ያንን ትልቁን ማግነም ጠመንጃ አውርድልኝ።»

«ጋሽ በላይ፣ ይሄ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይራገጣል።»

«በቅሎ ላይ ነው ያደግኩት።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰደፉን ትከሻቸው ላይ እንዲያሳርፉ፣ ከዚያ እንዲገልጡ ነገርኳቸው። የመስታወቱ ክብ ሙሉ ሆኖ እስኪታያቸው ስኮፑን ወደፊት ገፋሁት። ሲያነጣጥሩ ግን አንገታቸው ወደ መስታወቱ ይሳባል። ጠመንጃው ሲራገጥ ስኮፑ በዚህ ዓይነት የተረተረው ቅንድብ አይቻለሁ። እኔ የፈራሁት ከቅንድቡ በታች ላለው ዓይን ነበር።

«ለምን አይችሉም አትላቸውም?» አለኝ ዴቭ። አባቴን የሚያህል ሰው በደንበኞች ፊት «አይችሉም» አይባልም።

«መጀመሪያ በተመሳሳይ የኪራይ ጠመንጃ ይሞክሩ» አልኳቸው።

«ማኅበር ላይ መሳቂያ እንዳታደርገኝ እንጂ» ብለው ተኩስ መለማመጃው ድረስ ተከተሉኝ።

ተኮሱ። የስኮፑ ጠርዝ የመከላከያ መነጽራቸውን ገጭቶ ቆመ።

«ምንም አልሆንኩም። ሌላ አጉርስ።»

ጠመንጃውን ተቀብዬ ሳልነግራቸው ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት አጎረስኩና መለስኩላቸው። ቃታውን ሳቡ። ቀጭ ብቻ አለ። ጠመንጃው ሳይራገጥ አፈሙዙ ወደ መሬት ወረደ፤ ቀኝ ዓይናቸው ጥብቅ ብሎ ተጨፍኗል።

ቀስ ብለው ገለጡት። «ማነው የገፋኝ?»

«ማንም አልገፋዎትም፣ ጋሼ። ጥይቱ ባሩድ የለውም።»

ግራ ቀኝ አዩ። ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም።

«እኔም እፈራለሁ» አልኳቸው። «ባዶ መሆኑን እያወቅኩ እንኳን ደጋግሜ እዳስሳለሁ።»

መነጽራቸውን አውልቀው የተጫረውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ሲያሹት ቆዩ።

«በል እንግዲያው፣ ለሚፈራ ሰው የሚሆነውን አምጣልኝ።»

ሦስት መቶ ስምንት የሚባለውን፣ ከማግነሙ ያነሰ የሚራገጠውን ጠመንጃ አመጣሁላቸው፤ ለኤልክ ይበቃል። ዓይን ራቅ ብሎ የሚያይበት፣ ብዙ የማያጎላ ስኮፕ አሰርኩበት። ሲተኩሱ አንገታቸው ከቦታው አልተነቃነቀም።

ለትልቅ አውሬ ጠመንጃ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚለካው የተኳሹ ፍርሃት ነው። ስኮፑ የሚታሰረው ከዚያ በኋላ ነው።